ከስልሳ እስከ ሰባ

ጥቅምት 6

አክስቴ፣

አልከሳሁም። ማን እንዳወራልሽ አላውቅም፤ ከስታለች ያለሽ ሰው መነጽሩን ይወልውል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የላክሽልኝንም ሹራብ እለብሳለሁ። እጅጌው አንድ ሰው ጨምሮ ያስገባል እንጂ ሙቀቱስ ግሩም ነው።

ሥራሽ እንዴት ነው ስትዪኝ ግን ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች «ደህና ነው» ብዬ ያለፍኩት ልደብቅሽ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ። እዚህ መዝገበ ቃላት ክፍል የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። የሙከራ ሠራተኛ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይሰጠዋል። ትርጉሙን ይጽፍና ከሥሩ አንድ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል። ዓረፍተ ነገሩ ካለፈ ቋሚ ይሆናል። ካላለፈ ምድር ቤት ይወርድና ሌሎች የጻፉትን ካርድ ሲገለብጥ ይኖራል። እዚያ የወረዱ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ሰላም ስንለው ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

ለእኔ የደረሰኝ ቃል «ብልሃት» ነው። ሲሰጠኝ ስቄ ነበር። አርባ ዓመት ጥርስ ስትሠራ የኖረች ሴት እጅ ላይ አድጌ ብልሃት ሊጠፋኝ ነው? ጠፋኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። የሚፈቀደው አራት ነው።

አለቃችንን ቢሮው ሁሉ «አባ ሰርዝ» ነው የሚላቸው፤ በፊታቸው አይደለም እንጂ። ሁለት ደንብ አላቸው። አንደኛው፣ ዓረፍተ ነገሩ በእውነት የሆነ ነገር መሆን አለበት። ካርዱ ግርጌ ላይ «ምስክር» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ነገሩን በዓይኑ ያየ ወይም በራሱ የደረሰበት ሰው ይፈርማል። የጻፈው ሰው ራሱ መፈረም አይችልም። ሁለተኛው ደንብ፣ ቃሉን አውጥተው በቦታው ሌላ ያስገባሉ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሳይሆን ከቆመ ካርዱ ይመለሳል። «ሌባው በሩን በብልሃት ከፈተው» ብዬ ነበር፤ ከጎኑ «ተንኮል» ብለው ጻፉበት። «አናጺው ጠረጴዛውን በብልሃት ሠራው» አልኩ፤ «ችሎታ» አሉኝ። «ሴትዮዋ ቤቷን በብልሃት ታስተዳድራለች» ስል ደግሞ «የትኛዋ ሴትዮ?» ብቻ ብለው መለሱት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። አባ ሰርዝ ስብሰባ ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ መስኮት ጋ ሄደው ጀርባቸውን ይሰጡንና በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። ከስልሳ ጀምረው እስከ ሰባ፤ ሁልጊዜ፣ ሳይዘሉ። አንዱ ለጡረታ የቀራቸውን ወር ነው ይላል፤ ሌላው የሚሰርዙትን ካርድ ነው ይላል። እኔ ከንፈራቸውን አስመስዬ ሳሳይ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

እስቲ አንቺ ከሥራሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ወርውሪልኝ። ደግሞ ሥራሽ እንዴት እንደሆነ አልነገርሽኝም።

ሚጣሽ


ጥቅምት 14

ሚጣዬ፣

ሹራቡ የሰፋው ከሥሩ ሌላ ደርበሽ እንድትለብሺ ነው። ሰው የሰጡትን ለብሶ ዝም ይላል፤ አንቺ እጅጌ ትለኪያለሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የለብኝም። ሥራም አለ። ስለ ሥራ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ሌባሽን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ተምረሽ ሌባ ይዘሽልኝ መጣሽ? ሌባ ብልሃተኛ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው? አለቃሽ ሰረዙት፣ እጃቸው ይባረክ። አናጺሽንም ልክ አድርገዋል። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሰው ሁሉ አየው፣ እሰይ ተባለ፤ በቃ ችሎታ ነው። ችሎታ ያለው ሰው ሞልቷል። እዚሁ ፊት ለፊቴ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለፈው ዓመት ጥርስ ቤት የከፈተው ልጅ ችሎታ አለው። ሰፈሩ «በረዶው» ብሎታል፤ የሚሠራው ጥርስ በሙሉ እንደ በረዶ የነጣ ነው። መስታወቱ ላይ የደንበኞቹን ፎቶ ደርድሮ በመብራት ያበራዋል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል። ቆሞ የሚያየው ግን ጥርሱን ነው፤ ሰውየውን የሚያይ የለም።

እኔ ጋ ሰው ሲመጣ ገና ከመቀመጡ አፉን ይከፍታል። ዝጋው እለዋለሁ። ሻይ አቀርባለሁ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ጎረቤቶቼን አማለሁ። እስኪስቅልኝ ድረስ የጥርሱን ቅርጽ የምሠራበትን ሰም አልነካውም። ሰው ሲስቅ ከንፈሩ እስከ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ጥርሱ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የትኛውን ለመደበቅ እንደለመደ ሳላይ ምን ብዬ ልሥራ? ከዚያ ሠርቼ ስጨርስ፣ አምሮ ሲወጣ፣ ሞረዴን አነሳና ጥቂት አበላሸዋለሁ። አንዱን በፀጉር ያህል አዞረዋለሁ። ሥሩን የሻይ ቀለም አቀምሰዋለሁ። በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ማበላሸቱ ነው፤ ትንሽ ካለፈ ጉድ ነው፣ ትንሽ ከጎደለ ደግሞ በረዶ ነው። ሰውየው ወጥቶ ይሄዳል፣ ሚስቱ እንኳ «ዛሬ ምን አገኘህ፣ ፊትህ በራ» ትለዋለች እንጂ ጥርሱን አታነሳም። ብልሃት እንግዲህ እሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ራስሽ ፈልጊው፤ ደመወዝ የሚከፈልሽ አንቺ ነሽ።

አለቃሽን ማስመሰል ግን ተዪ። ሰው ለራሱ ሲቆጥር አይሳቅበትም። ሁለተኛ እንዳልሰማ።

አክስትሽ


ጥቅምት 23

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አገኘሁት! ስለ ማስመሰሉ ለምን እንደዚያ እንደተቆጣሽ ባይገባኝም ይቅርታ፤ ቀልድ ነበር። አሁን ግን ዓረፍተ ነገሩን ስሚ።

«ጥርስ ሠሪዋ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበትን የታወቀ ዘፋኝ የፊት ጥርሶች በብልሃት ስለተካቻቸው በማግስቱ መድረክ ላይ ሲዘፍን ያወቀባት አንድም ሰው አልነበረም።»

እንዴት ነው? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጓሮ በር ተንኳኳ፣ አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ አልሽኝ፣ እኔ ደግሞ መጋረጃው ሥር ገባሁ። አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ነበር። ሲስቅ ድምፁን አወቅኩት። በማግስቱ ማታ በቴሌቪዥን ሳየው ካንቺ ጎን ተቀምጬ ነበር፤ አንቺ ዓይንሽን አልነቀልሽም፣ ቃልም አልተነፈስሽም። ያን ቀን ምን ያህል እንደኮራሁብሽ አታውቂም። ለማን ልንገር? ይኸው አሁን ለአገር ሁሉ ልነግር ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ትገቢያለሽ! ስምሽ ባይኖርም አንቺ እንደሆንሽ እኔና አንቺ እናውቃለን።

ዓረፍተ ነገሩን ትናንት አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የመጨረሻውን ካርድ አለቃችን የሚመሩት ጉባኤ ነው የሚያየው፤ ቀኑ ኅዳር 19 ነው። አብሮ የታጠፈው የካርዱ ቅጂ ነው፤ ግርጌው ላይ ምስክር በሚለው መስመር ፈርመሽ ቶሎ ላኪልኝ።

የሚያጣድፈኝ ደስታ ነው።

ሚጣሽ


ጥቅምት 29

ሚጣ፣

አውጪው።

ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። አሁን ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሽና ሄደሽ አውጪው።

ጓሮ በሩ ለምን እንዳለ አሥራ አንድ ዓመትሽ ሳለ ባይገባሽ አልፈርድብሽም። ሃያ ሰባት ዓመትሽ ሆኖ እንዴት አይገባሽም? ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት የታወቀ ዘፋኝ! ስሙን ብትጽፊው በምን ይለይ ነበር? ከሌላ ከተማ ሌሊቱን ተጉዘው የሚመጡ አሉ፤ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው። አፋቸውን የሚከፍቱልኝ መልሼ እንደምዘጋላቸው አምነው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው በእኔ ምክንያት አላፈረም። ፎቶ የለኝም፣ መብራት የለኝም፣ የማሳየው አንድ ጥርስ እንኳ የለኝም። ኩራቴ እሱ ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም።

እውነቱን ልንገርሽ? ዓረፍተ ነገሩን ሳነበው ደስ አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ደግሜ አነበብኩት። አርባ ዓመት ማንም ያላለኝን አልሽኝ። ቆይቼ ነው ደስ ማለቴ ያናደደኝ።

ምድር ቤት ብትወርጂም ውረጂ።

አክስትሽ


ኅዳር 5

አክስቴ፣

አውጥቼዋለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ገባሁና «ዓረፍተ ነገሬን መልሱልኝ» አልኳቸው። አባ ሰርዝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ለምን?» አሉኝ። «እውነት ነው፣ ግን የእኔ አይደለም። ልናገረው መብት የለኝም» አልኩ። ካርዱ እጃቸው ላይ ነበር። አንብበውት እንደሆነ አላውቅም። በአራት ቀደዱትና ቁርጥራጩን ቅርጫት ውስጥ አልጣሉትም፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ «ያልታየ ካርድ አልተመለሰም። አንድ ዕድል አለሽ» አሉኝ። አባ ሰርዝ! ክፍሉ ውስጥ የነገርኩት ሰው ሁሉ አላመነኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ስለሠራሁ አፍሬያለሁ። ልጽፍልሽ ሦስት ቀን ፈራሁ። ሁልጊዜ የምኮራብሽ በሠራሽው ጥርስ ይመስለኝ ነበር፤ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያየሁት ግን ግማሹን ብቻ ነበር። ይቅር በይኝ።

አሁን ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፣ በእጄ ምንም የለም። ትናንት ግን ጥርሴን ስቦርሽ አንድ ነገር መጣልኝና ብሩሹን አፌ ውስጥ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ጥያቄ ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ የእኔ አፍ የማን ነው? አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ወድቄ የፊት ጥርሴን ስሰብር የሠራሽልኝን ጥርስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የቅርብ ጓደኛዬ አታውቅም። አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እሱን ብናገረው ቅር ይልሻል?

ሁለተኛ፣ ካላለሽ ትፈርሚልኛለሽ?

ሦስተኛ፣ አባ ሰርዝን በማስመሰሌ ለምን ነበር እንደዚያ የተቆጣሽው? ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?

ሚጣሽ


ኅዳር 12

ሚጣዬ፣

ይቅር ብዬሻለሁ። ሦስት ቀን መፍራትሽም ደግ ነው፤ እኔን የሚፈራ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል።

ለመጀመሪያው፣ አፍሽ የራስሽ ነው። ምስጢሩ የአፉ ባለቤት ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ ጠባቂ ነኝ። ባለቤቱ ቁልፉን ከወሰደ ጠባቂ ምን አገባው? ተናገሪ። ግን አታጋንኚ። ቃሉን አታስጩኺው፣ መሐል ላይ ቀስ አድርገሽ አስቀምጪው።

ያንን ጥርስ ስሠራ ያስቸገርሽኝን ታስታውሺያለሽ? ሦስት ቀን ሙሉ አልሳቅሽልኝም። ፊትሽን በትራስ ሸፍነሽ «ትምህርት ቤት አልሄድም» ነበር ጭቅጭቅሽ። የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ጨረስኩ፣ ያን ምስኪን ጎረቤታችንን ያልሠራውን ሁሉ አማሁት። በሦስተኛው ቀን በጥብጬ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ጄሶ ላይ ሳላይ ቁጭ አልኩበት። ቀሚሴ ከወንበሩ ጋር ደርቆ አልነሳ ሲለኝ ነው ያን ሳቅሽን የለቀቅሽው። እኔ እዚያው እንደተጣበቅኩ «አፍሽን እንዳትዘጊ!» እያልኩ በእርሳስ ሳልኩት። ከጎኑ ያለው ጥርስሽ ክር በመበጠስ የተሸረፈች ትንሽ ጫፍ ነበረችው። አዲሱንም እንደዚያው ሸረፍኩት። ሞረዱን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ፤ የገዛ ልጅ አፍ ነው፣ እጅ ይከብዳል።

ለሁለተኛው፣ አልፈርምም። ስለ ሥራዬ እኔው ምስክር ልሁን? መንገድ ማዶ ካለው መብራት በምን ተሻልኩ? ሌላ ምስክር ፈልጊ። ካጣሽም እጥረቱን ይዘሽ ግቢና ቀጥ ብለሽ ቁሚ።

ሦስተኛውን ጥያቄ አላየሁትም። ቀለሙ ፈስሶበታል።

አንቺ እውነቱን ከተናገርሽ እኔም ልናገር። ሥራ አለ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጓሮ በሩ ከተንኳኳ ሁለት ወር አልፎታል። ሰው የሚያየውን ይወዳል፤ እኔ ደግሞ የማሳየው የለኝም። ወንበሩን አንሶላ አልብሼዋለሁ። በረዶው ሞረዶቼንና የጥርስ ቅርጽ ማውጫዎቼን ልግዛሽ ብሎ ሰው ልኮብኛል፣ መልስ አልሰጠሁትም። አትዘኚልኝ፣ ለማዘን አይደለም የነገርኩሽ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ካለፈች፣ ቢያንስ አንዲት ጥርስ አርባ ዓመቴን ትናገርልኛለች። እንድታልፍ እፈልጋለሁ። ይኸው አልኩት።

አክስትሽ


ኅዳር 20

አክስቴ፣

አለፈ።

ሌላውን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት እንድታውቂው መጀመሪያ ጻፍኩት። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ምስክር አላገኘሁም። ከአንቺ ሌላ ያየ ማን አለ? ግርጌው ባዶ የሆነ ካርድ ይዤ፣ የሰፋውን ሹራብ ለብሼ፣ ኮሪደሩ ላይ እስክጠራ ቆምኩ። እንዳልንተባተብ ፈርቼ፣ ሳላስበው በሹክሹክታ መቁጠር ጀመርኩ። ትዝ ይልሻል፣ ጥርሱን የገጠምሽልኝ ዕለት መስታወት ፊት አቁመሽ ከስልሳ እስከ ሰባ ያስቆጠርሽኝ? «ሰ» ሳያፏጭ እስኪወጣ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ። «አዲስ የፊት ጥርስ የገባለት ሰው ሁሉ እኔ ጋ እንዲህ ነው የሚቆጥረው፤ ሲጨንቅሽ ቁጠሪ፣ አፍሽ ቦታውን ያገኛል» ብለሽኝ ነበር። ከፈተና በፊት ሁሉ እቆጥር ነበር። መቼ እንደተውኩት አላውቅም፤ ጨርሶ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት እያልኩ ስሄድ፣ ስልሳ ስድስት ላይ ስደርስ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ አልነበረም። ከመስኮቱ በኩልም ነበር። ቀና አልኩ፤ ሁልጊዜ ጀርባቸውን የሚሰጡን ሰው ዞሩ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁለታችንም እስከ ሰባ ጨረስን። ስለዚህ ነገር ሌላ አልጽፍም።

ጉባኤው ሰባት ሰው ነው፣ አባ ሰርዝ ከራስጌ። ካርዱን አነበብኩላቸው።

«አክስቴ የሰበርኩትን የፊት ጥርስ በብልሃት ስለተካችው፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብረውኝ የሳቁ ሰዎች የትኛው እንደሆነ አያውቁም።»

ከዚያ ሁሉም እኩል አፌን ማየት ጀመሩ። አንዷ «እስቲ ሳቂ» አለችኝ። አልስቅ አለኝ። ያኔ ጄሶው ላይ የተጣበቀው ቀሚስሽ ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ስድስት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው ተከራከሩ። ሦስቱ የላይኛውን የቀኝ አሉ፤ ቀጥ ያለው እሱ ስለሆነ። ሁለቱ ከጎኑ ያለውን አሉ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ የታችኛውን። ሁሉም ተሳሳቱ! አክስቴ፣ እዚያ ቆሜ የተሰማኝን ኩራት በምን ቃል ልጻፍልሽ? ይሄ ሁሉ የቃላት ሊቅ አፌ ውስጥ ገብቶ አንቺን አጥቶ ወጣ።

ከዚያ ቃል መተካቱ መጣ። «በጉልበት» አሉ፣ ተሳቀ። «በተንኮል» አሉ፣ ወደቀ። አንደኛው ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «በችሎታ ቢሆንስ? ቀጥ ብሎ ይቆማል» አለ። አናጺዬን የጣለብኝ ቃል ነው። «ችሎታ ቢሆን ኖሮ አሁን ታዩት ነበር» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ድምፄ ራሱ የአንቺን ይመስል ነበር። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሶ ሳበ።

«ምስክርስ?» አለ ጸሐፊው። የለኝም አልኩ። የሠራችው ስለ ሥራዋ አትፈርምም፣ ሌላ ያየ የለም። ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ ጸሐፊው ካርዱን ወደ እኔ ሊመልስ እጁን ዘረጋ። አባ ሰርዝ እስካሁን አንድ ጊዜም አፌን አላዩም ነበር፤ ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ወዲህ በለው» አሉ። የሚሰርዙበትን ቀይ እስክሪብቶ አስቀምጠው ጥቁሩን አወጡ። ግርጌው ላይ፣ ምስክር በሚለው መስመር፣ ረጋ ብለው ፈረሙ። ስድስቱም ተያዩ። አንዱ ደፍሮ «ጌታዬ፣ እርስዎ እንዴት...» ብሎ ጀመረ። «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚለውን አውቃለሁ» አሉት። ጸሐፊው ካርዱን ተቀብሎ መዘገበው።

ቋሚ ሆኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ደስ ብሎት «በይ አባ ሰርዝን አስመስዪልን» ሲለኝ «ረሳሁት» አልኳቸው። ጨቅጭቀው ሲያጡኝ ተዉኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ተውኩት።

ሚጣሽ


ኅዳር 28

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። ይሄም ውሸቴን ነው። ታጥፎ ታጥፎ መታጠፊያው ተበጥሷል።

አልቅሰሻል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ እኔው ልንገርሽ፤ አልቅሻለሁ። ስድስት ሰው ተንጠራርቶ ሲያጣኝ ያለውን ሳነብ ብቻዬን እያጨበጨብኩ ነበር። ያን በችሎታ ያለውን ሰውዬ የመለስሽበትን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አርባ ዓመት ዝም ብዬ ስሠራ የሚናገርልኝ እንደሌለ አምኜ ተቀምጬ ነበር። ኮርቻለሁ። በአንቺም በራሴም፣ እኩል አይደለም፣ በአንቺ ይበልጣል።

አለቃሽን «እጅ ነስታለች» በያቸው። ለምን እንደሆነ አትንገሪያቸው፣ እሳቸውም አይጠይቁሽም።

አንሶላውን አንስቼ አጥቤ አሰጣሁት። በረዶው ትናንት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሞረዶቹን ሊወስድ የመጣ መስሎኝ ደጅ ላይ ልመልሰው ስል፣ ከኋላው አንዲት እናት ቆማለች። በቅርቡ የሠራላት ናት። ትንሹ ልጇ «ይቺ እማዬ አይደለችም» ብሎ አልታቀፍም አላት። በረዶው ዓይኑ ደም መስሎ «እትዬ፣ ምኑን ነው ያጠፋሁት?» አለኝ፤ ያን ሁሉ መብራት የደረደረ ሰው። ሻይ አፈላሁ። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጣት ሞረዱን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፣ መታሁት። መጀመሪያ አስቃት አልኩት። አንድ ቀልድ አያውቅም ምስኪን። ከነገ ጀምሮ በጓሮ በር እየገባ ይማራል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ብዙ ጊዜ ያነበብኩት መጨረሻ ላይ ያለችውን ናት። «ልጠይቅሽ ነበር፤ ተውኩት» ያልሻትን። እኔ ጥርስ መሥራት የጀመርኩት በሃያ ዓመቴ ነው፣ እሷን ለመማር ግን ሌላ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ በአንድ ወር ደረስሽባት። ስለዚህ እኔም በተራዬ አንድ ካርድ ጽፌያለሁ። አብሮ የታጠፈው ነው። ለቢሮ እንዳትሰጪው፣ መሳቢያሽ ውስጥ ይቀመጥ።

«ብልሃት። የወንድሜ ልጅ ያልተነገራትን ነገር ደረሰችበት፤ ደርሳበትም በብልሃት ዝም አለች።»

ቃሉን አውጥቼ የማውቀውን ሁሉ ተካሁበት። ፍርሃት አስገባሁ፣ ይሉኝታ አስገባሁ፣ አንዱም አልቆመልኝም። ግርጌው ላይ ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁ። ስለ ራሷ ሥራ አትፈርምም አልነበረም ወይ የሚል ካለ፣ አንቺን የሠራሁሽ እኔ አይደለሁም። እኔ የሠራሁት አንድ ጥርስሽን ብቻ ነው።

የትኛው እንደሆነ ግን አሁንም እንዳትነግሪያቸው።

አክስትሽ